ሲበላ የሚታወቀው

አዳነች ገና ከመግባቷ ማራገቢያውን ወደ ግድግዳው አዞረችው። ሁልጊዜ እንዲህ ናት፤ ጅቡቲ በሐምሌ ስትነድ እንኳ «ንፋስ ይመታኛል» ትላለች።

«ፋኑ፣ ባልሽን ጠብቂ» አለች። «መዳም ዛሬም መኪናው ውስጥ በሳቅ ፈረሰች።»

ፋናዬ ያጠበችውን ብርጭቆ ደግማ አጠበችው። ባሏ ጎሳዬ የመዳም ሙኒራ ሾፌር ነው። ጎረቤቷ አዳነች ደግሞ ሄሮን ሰፈር ያለውን የመዳምን ቤት ታጸዳለች።

«በእረፍት ቀኑ በአርብ እንኳ አታሳርፈውም፤ ጠራችኝ ብሎ ይወጣል» አለች ፋናዬ። « ለመሆኑ ሥራዋ ምንድን ነው?»

«ሰማይ ላይ ጥቁር ጉድጓድ አለ አሉ፣ እሱን ትጠብቃለች! ራሱ አይታይም። ሲበላ ግን ዙሪያው ይደምቃል፣ የሚበላው ሲያጣ ይደበዝዛል። አንዱን ቦታ በየጊዜው ፎቶ ያነሱላታል፤ እሷ ፎቶ ከፎቶ እያስተያየች ምን ያህል እንደወፈረ ታውቃለች። በዚህ እኮ ደሞዝ ይከፈላታል!» አዳነች ጭኗን እየመታች ሳቀች። «አርብ እረፍቴ ሆኖ ነው እንጂ፣ ሁለቱን ባየኋቸው!»

ፋናዬ አልሳቀችም።

ከአራተኛ ክፍል አላለፈችም፤ ቅናት ግን ያስተምራል። በማግስቱ ሱቋን ልትከፍት ስትወጣ አንድ፣ ስትመለስ አንድ፣ መኝታ ቤቷን ከበሩ ቆማ በስልኳ አነሳች። አልጋው፣ መስታወቱ፣ ማራገቢያው፣ የሠርጓ ሽቶ። ሰባት ሳምንት እንዲሁ አደረገች። ሽቶው በሌላው ቀን ንቅንቅ አይልም። አርብ ስትመለስ ግን ጎድሎ ይጠብቃታል።

«የኔን ሽቶ ተቀብቶ ለሷ!» አለች ለራሷ።

በስምንተኛው አርብ ሱቋን ዘግታ ሄሮን ሄደች። በሩን የከፈተችው ራሷ መዳም ናት፤ እጇ ሳሙና በሳሙና ሆኗል።

«ባሌ የታለ?»

«አርብ እኮ ነው! አርብ ጠርቼው አላውቅም።» እናቷ የድሬዳዋ ሴት ናቸው፤ አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው።

«ሽቶዬንስ?»

«የምን ሽቶ? እኔ አስም አለብኝ፣ ሽቶ ያፍነኛል።»

ፋናዬ «አርብ አርብ ይጎድላል!» ብላ ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ደቀነችው። ሙኒራ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ተቀበለች። ፎቶዎቹን ወደ ፊት ወደ ኋላ ስታመላልስ የተቆጣ ፊቷ ፈታ አለ።

«አንቺ! በየቀኑ፣ ከአንድ ቦታ፣ ሳታዛንፊ? ተማሪዎቼ እንኳ እንዲህ አይሠሩም!»

ከዚያ የአርቦቹን ፎቶዎች ብቻ ለይታ አየች።

«ሽቶውን ተዪው፣ እህቴ። አርብ አርብ ሌላም የሚለወጥ ነገር አለ፤ አላየሽውም?»

በሰባቱም አርብ፣ ፋናዬ ስትመለስ ባነሳችው ፎቶ፣ ማራገቢያው ወደ ግድግዳው ዞሯል።