የሻምበሉ አጥር

ክረምቱ ከብዶን ነበር። ሜዳችን ረግረግ ሆነ፤ የቀረችን አንዲት ኳስም ሻምበሉ ግቢ ገብታ ቀረች። እኚህ ጡረተኛ አጥራቸውን ያለፈች ኳስ መልሰው አያውቁም።

መስከረም ላይ ወረዳው፣ «ጨዋታ የሌለበት ሜዳ መጋዘን ይሠራበታል፤ ቅዳሜ መጥተን እናያለን» አለ።

አምበላችን ቦርጫሙንም አንካሳውንም ለቅሞ ሁለት ቡድን አሰለፈ። ኳስ ግን ሁሉም ሌላው ያመጣል ብሎ ባዶ እጁን መጣ።

«በምን ልትጫወቱ ነው?» አለ የወረዳው ሹም።

«በአንተ ራስ» አለ በረኛው።

ይሄኔ ከአጥሩ ማዶ ኳስ ተወረወረች፤ ከኋላዋ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ።

«ምን ተገትራችኋል? ተጫወቱ እንጂ!» ብለው ጮኹ ሻምበሉ። «መጋዘን ከሆነ ማንን ልሰድብ ነው?»

በመጨረሻ አምበሉ በልጅነቱ የተቀማት የካልሲ ኳስ መጣች።