ስድስተኛው ክፍል

በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. ሐረር ውስጥ አንድ የዕድር ማኅበር አእምሯቸው ለታወከና ሱስ ለጣላቸው ሰዎች ቤት ሊሠራ ተነሣ። የመጀመሪያው ቤት መስኮቱ ሁሉ ብረት ስለነበር ነዋሪዎቹ በሳምንቱ አጥር ዘለው ጠፍተዋል።

ሊቀ መንበሩ አቶ ሀብተወልድ መሐንዲስ እንደሻውን ጠሩት።

«ኤረር በር አጠገብ ስድስት ክፍል ንደፍልን። አሁን የሚገቡትም ከጠፉ ማኅበሩ መበተኑ ነው። ሄደህ እያንዳንዳቸውን ጠይቅ!»

ሰዎቹ ለጊዜው በጀጎል ግንብ ውስጥ በኪራይ ቤት ይኖራሉ። እንደሻው የደረሰው አራት ሰዓት ላይ ነው። የሐረር የጠዋት ብርድ እጁን ስለሚያንቀጠቅጠው፣ በለጡ አረቄ ቤት ጎራ ብሎ ሳይሞቅ ሥራ አይጀምርም።

ቤቱን የሚጠብቁት አው በድሪ የሚባሉ የሐረሪ ሽማግሌ ተቀበሉት። የቀድሞው አስተማሪ አባይነህ፣ «በሬ ቁልፍ አይኑረው፤ ግን ሳያንኳኳ የሚገባ አይኑር» አለ። ገላነሽ ሰው የምታይበት፣ እሷን ግን ማንም የማያያት መስኮት ጠየቀች። ጫት ያናወዘው አሕመድ ከገበያ መራቅ ፈለገ። ሸምሲያና ግርማ የተጣሉት ክፍላቸውን በሚለየው ግድግዳ ነው፤ እሷ ድምፅ የማያሳልፍ ወፍራም፣ እሱ የጎረቤት ድምፅ የሚያሰማ ስስ ፈለጉ።

እንደሻው ቆጠረ፤ አምስት ናቸው።

«ስድስተኛውስ?»

«ይመጣል፣ ኢንሻአላህ። መታመሙን ገና አላመነም» አሉ አው በድሪ። ከዚያም ወደ አንድ ባዶ ክፍል ገቡና፣ «አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ።

እንደሻው ወደ ውስጥ አየ። ማንም የለም። ነገሩ ገባው፤ ስድስተኛው ራሳቸው ናቸው። ምስኪን ሽማግሌ! ጠባቂ ነኝ እያሉ ራሳቸውን ይሸነግላሉ።

በዘዴ ሊጠይቃቸው ፈለገ።

«አባቴ፣ ለስድስተኛው ሰው ምን ዓይነት ክፍል ይሻለዋል?»

«አንተ ብትሆን ምን ትፈልጋለህ?»

«እኔማ የጠዋት ፀሐይ፣ ሰፊ ጠረጴዛ። ሌሊት ስባንን ደግሞ በግድግዳው ማዶ የሚመልስልኝ ሰው።»

«ማሻአላህ! እንደዚያው አድርገህ ንደፈው።»

እንደሻው ለዚያ ክፍል የለፋውን ያህል ለራሱ ቤት አልለፋም።

ቤቱ ተመረቀ። አምስቱ እየተሳሳቁ ገቡ፤ ገላነሽ ከመስኮቷ ሆና ሁሉንም መታዘብ ጀመረች። እንደሻው አው በድሪን ክንዳቸውን ደገፍ አድርጎ ወደ ስድስተኛው ክፍል ወሰዳቸው።

«ይግቡ አባቴ፤ አይፈሩ። ሰው ሆኖ የማይታመም የለም። ዋናው ማመኑ ነው።»

አው በድሪ እጁን ጠበቅ አድርገው ያዙት።

«ወላሂ፣ እውነትህን ነው ልጄ። በል ግባ፤ ልብስህን ባለቤትህ ጠዋት አምጥታልሃለች።»