በረሃ ልንወርድ ነው

ሃያ ሁለት ዓመት በአፋር በረሃ የጭነት መኪና ያሽከረከሩት ጡረተኛ፣ አሁን ደግሞ ለሽርሽር ሊወርዱ ነው። ሶፋው ላይ ተደላድለው የሚያስፈልገውን ይዘረዝራሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰገደች ከት ከት ብለው እየሳቁ ይጽፋሉ።

«ስድስት ጀሪካን ውሃ፣ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ድንኳን፣ አካፋ።»

«አካፋው ለምንድን ነው?»

«መኪናውን አሸዋ ሲይዘው ልትቆፍሪ ነዋ!»

«እኔ? እኔማ ድንኳኑ በር ላይ ተንጋልዬ ኮከብ ነው የምቆጥረው!»

እንደ አዲስ ሙሽሮች ተሳሳቁ። ሻይ ይዛ የገባችው ልጃቸው ግን ሳቁ አልተጋባባትም። ትሪውን አስቀምጣ እናቷ ላይ አፈጠጠች።

«እማዬ፣ የምር ልትሄዱ ነው እንዴ? አባዬ ዓይኑ ከጠፋ እኮ ሦስት ዓመቱ ነው! መኪናውን ማን ሊነዳው ነው?»

ወይዘሮ አሰገደች ደብተሩን አጠፉና ከቦርሳቸው አንዲት ካርድ አውጥተው ለልጃቸው ሰጧት። መንጃ ፈቃድ ነው፤ ከወጣ ገና ሳምንቱ። ፎቶውም ስሙም የራሳቸው ነው።

ልጅቷ አፏን እንደከፈተች ወደ አባቷ ዞረች።

«እኔማ ረዳት ነኝ» አሉ ሽማግሌው፣ ደረታቸውን ነፍተው።