የጨዋ ልጅ ዛቻ

«ውጣ ከዚህ ቤት፣ አንተ የጃጀህ ሽማግሌ!» ብሎ አምባረቀ በፊልሙ ወሮበላ ሆኖ የሚተውነው ጃትሚኮ። ዳይሬክተሯ «በቃ!» ስትል ግን ወዲያው ጎንበስ ብሎ እንደ አገሩ የአክብሮት ሰላምታ የሽማግሌውን እጅ ግንባሩን አስነካ። የጃቫ ደሴት እናት ያሳደገችው ልጅ፣ ታላቁን ሰድቦ ደረቱን ነፍቶ መቆም ከየት ይምጣለት!

ሽማግሌው የሰፈሩ ሰው እንጂ ተዋናይ አልነበሩም፤ ቤቱም የቀርከሃ ወንበሩም የራሳቸው ነው። የተነገራቸው «ካልፈሩ እንዳይነሱ» የሚል ብቻ ነበር። እሳቸውም የቅርንፉድ ሲጋራቸውን እየማጉ ተደላድለው ተቀመጡ። «ልጄ፣ እንዲህ ተሳድበህማ ዶሮም አታስነሳም» ሲሉት ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። ዳይሬክተሯ ብቻ አልሳቀችም። «ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው። አሁን ካላስነሳሃቸው ነገ በአንተ ቦታ ሌላ ሰው አመጣለሁ» አለችው።

ካሜራው እንደገና መቅረጽ ሲጀምር ጃትሚኮ አልጮኸም። እናቱ እንዳስተማረችው አንገቱን ሰበር አድርጎ ጠጋ አለ። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቤቱ የእንጨት ነው፤ እሳት ደግሞ ሳይታሰብ ነው የሚነሳው። አያድርስና እንቅልፍ ላይ እያሉ አንድ ነገር ቢሆኑ፣ ለእኛም ጸጸት ነው። ምናለ ዛሬውኑ ቢወጡልን?» ሲጋራው ከሽማግሌው ጣት ወደቀ። ከመቀመጫቸው ብድግ አሉና ወንበራቸውን አንጠልጥለው ከቤት ውልቅ አሉ። «በቃ!» አለች ዳይሬክተሯ፣ በሹክሹክታ። ጃትሚኮ ሮጦ ደርሶባቸው እጃቸውን ሊይዝ ጎንበስ ሲል፣ ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ።

«ኧረ ተው ልጄ፣ እንዳትጎነብስብኝ! ስድቡ ይሻለኛል።»