የአውድማ ድርሻ

«በሬዎቹን አታቁማቸው» አለ ወልደ ሰንበት ልጁን ባዘዘውን።

ጣሊያኑ ሹም ከነጫማው አውድማው መሃል ገብቶ ቆሟል። አውድማ በጫማ ይረገጣል እንዴ? አሳዳጊ የበደለው! ሽማግሌው ግን ይህን በሆዱ ያዘው፤ የመጣበት ነገር ይብሳል። ከአባቱ የወረሰው ርስት ከጣሊያን ለሚመጡ ገበሬዎች ሊሰጥ ነው። እሺ ካለ በገዛ መሬቱ ጭሰኛ ሆኖ ይኖራል፤ እምቢ ካለ ይነቀላል።

አስተርጓሚው አስማማው የደምበጫ ልጅ ነው፤ ቋንቋ ያወቀው ከሚሲዮን ቤት ተምሮ ነው። ሊያባብለው ሞከረ።

«አያ ወልደ ሰንበት፣ ይህ በእርስዎ አልተጀመረም። ድሮ ፒዩሪታን የሚባሉ አጥባቂ ሃይማኖተኞች ከእንግሊዝ ተነሥተው ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ሰፈሩ። በረሃብ ሊያልቁ ሲሉ ባላገሩ እህል ሰጣቸው። ዛሬ ያ ሁሉ አገር በእነሱ ወግ ነው የሚኖር፤ ‹አባቶቻችን› ይላቸዋል።»

«ያበላቸው ባላገርስ?»

አስማማው መሬት መሬቱን አየ። «እሱማ ተገፍቶ ዳር ወጣ።»

«እግዜርን የሚፈሩ ናቸው ያልኸኝ እነዚህን ነው?» አለ ወልደ ሰንበት።

ሹሙ የተባለው ሲተረጎምለት ሳቀ። ዓመት ተቀምጦ የአገሩን ወግ ያወቀ መስሎታል፤ አውድማ የደረሰ ሰው ባዶ እጁን እንደማይመለስ ሰምቷል። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ዘረጋ። ከሰጠው እሺ እንዳለ ሊቆጥርበት ነው።

ወልደ ሰንበት ጎንበስ ብሎ፣ ዳር ከተከመረው ስንዴ እየዛቀ ባርኔጣውን እስኪፈስ ሞላው። ባዘዘው አባቱ የተሸነፈ መስሎት አንገቱን ደፋ።

«በል ንገረው» አለ ሽማግሌው አስማማውን። «ባለ መሬት በገዛ አውድማው ዕቃ ዘርግቶ አይለምንም። የሚለምን እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ድርሻውን ይዞ፣ መርቆ ወዳገሩ ይሄዳል። እነዚያ ያንተ ባላገሮች አብልተው መሸኘቱን ረሱት። እኔ አልረሳሁም።»

አስማማው አመነታ።

«ንገረው እንጂ፣ ምን ያስፈራሃል? የምሞተው እኔ!»

ነገረው፤ አንድም ቃል አላስቀረ።

የሹሙ ፊት ደም መሰለ። ሽጉጡ ወገቡ ላይ ነው፤ ሁለት እጁን ግን ስንዴው ይዞበታል። ባዘዘው ቀና ብሎ በሬዎቹን ጮክ ብሎ ነዳቸው። ዞረው ወደ ሹሙ ሲመጡ፣ ሰውዬው መላጣውን ፀሐይ እየመታው፣ የተሰጠውን እህል እንዳቀፈ ወደ ኋላ እያለ ከአውድማው ወጣ።