ባዶው ወንበር

ዱዌን ባዶው ወንበር ፊት ተንበርክኮ ይንሰቀሰቅ ነበር። በዚያ የሚኒሶታ የደፋሪዎች ማገገሚያ ደንቡ ይኸው ነው፤ ታካሚው የደፈራትን ሴት ወንበሩ ላይ እንዳለች ቆጥሮ ይቅርታ ይለምናታል። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አላት። ቃላቱን ያስጠናችው የማገገሚያው አማካሪ ማርሊስ ነበረች፤ ከሱ አፍ ስትሰማቸው ግን ያኘከውን መልሶ ያጎረሳት ያህል ሆነባት።

ክብ ሠርተው የተቀመጡት ታካሚዎች እንደ ልማዳቸው አጨበጨቡ። «እሰይ ዱዌን! ዘንድሮስ ወደ ቀጣዩ የሕክምና ደረጃ አለፍክ በለኛ!» አለ አንዱ። ማርሊስም ልታጨበጭብ እጇን ስታነሳ የዱዌንን አውራ ጣት አየችው። የወንበሩን ጠርዝ ቀስ እያለ፣ ደጋግሞ ይደባብሳል።

«እጅህን አንሳ!» ብላ ጮኸች።

ጭብጨባው ቆመ። ዱዌን በደረቀ ዓይኑ ቀና ብሎ አያትና ፈገግ አለ።

«ምን ሆንሽ ማርሊስ? ወንበር እኮ ነው።»