ጉልት የሚለው ቃል ያልተዘጋበት ምክንያት

የመዝገበ ቃላቱ ሥራ ከተጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት፣ የቀረው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ ጉልት። በተራው ሲደርስ ስላስቸገረ ተዘሎ ነው። ሌላው ሁሉ ታርሞ በሣጥን ተቀምጧል። አዛውንቱ አዘጋጅ ይህን አንድ ቃል ዘግቶ መጽሐፉን ማተሚያ ቤት ቢልክ፣ በማግስቱ ጡረታ ወጥቶ ቤቱ ያርፋል።

ለዕረፍቱ ዕቅድ አለው። አምና ጉንፋን ይዞት አንድ ሳምንት ቤት ሲውል፣ የማድ ቤቱን ዕቃ ከታች ጀምሮ በፊደል ተራ ደርድሮት ነበር። ሳሙናና ስኳር ጎን ለጎን ሆኑ። ጨው ከፊደሉ ጫፍ ስለሆነ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ወጣ፤ ባለቤቱም ወንበር ላይ እየቆመች ታወርደው ጀመር። ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ወደ ቁም ሣጥኑ ይሻገራል።

ቃሉ ግን አልሆነለትም። ከአንባቢ የመጣ ጥያቄ ሳይመለስ ቃል አይዘጋም፤ ሕጉን ያወጣው እሱ ራሱ ነው።

መጀመሪያ፣ ጉልት፣ ጌታው ግብር ይበላበት የነበረው የድሮው መሬት፣ «ጎለተ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው፣ እንደ ጉልቻ መሬቱ ላይ የተተከለውም ጌታው ነው ብሎ ጻፈ። በሦስተኛው ቀን ስም የሌለው ደብዳቤ ደረሰው፤ ፊደሉ እንደ ጀማሪ ተማሪ የተንጋደደ። ጌታው በዓመት አንዴ ግብሩን ሊቀበል ብቅ ይል የለም ወይ፣ የት ተተክሎ ያውቃል፣ ይላል።

እውነት ነው። አዘጋጁ ሰረዘና፣ የተተከለው ገበሬው ነው አለ። ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ ገበሬው እኮ ጌታው ሳይመጣም እዚያው ነበር፣ ማን ተከለው?

ሦስተኛው ባሰ። ስንዝር መሬት የሌላት፣ መንገድ ዳር አራት አራት ቲማቲም ደርድራ የምትሸጥ ሴት የተቀመጠችበትም ጉልት ይባላል፤ ጌትነቷ ምኑ ላይ ነው? ሰሞኑን ቲማቲሙ ማነሱንም ደብዳቤው በቅንፍ ጠቁሟል።

አዘጋጁ የደብዳቤዎቹ ጸሐፊ ማን እንደሆነ ወዲያው ጠረጠረ። ገና ከጠረጴዛው ያልወጣውን ረቂቅ ሊያይ የሚችለው አጠገቡ የሚቀመጠው አራሚ ብቻ ነው። መጽሐፉ ካለቀ አራሚው ሥራ ይፈታል። ወንደላጤ ስለሆነም ቲማቲሙን የሚገዛው ራሱ ነው።

«አንተ፣ ቲማቲም ስንት ገባ?» አለው ሰኞ ጠዋት፣ ድንገት።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ምግብ ቤት ነው የምበላው።»

አዘጋጁ ራሱን ነቀነቀ። ጥፋተኛ ሰው ምንጊዜም ምግብ ቤት ነው የሚበላው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ረቂቁን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ይሄዳል።

ቤቱ ሲገባ ግን ማጽናኛ አያጣም። ባለቤቱ እራት አቅርባ፣ ዛሬስ ቃሉ የት ደረሰ ትለዋለች፤ ሲነግራት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ትሰማዋለች። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ከእሱ እኩል ትበሳጫለች። አገር ምድሩ ለደከመ ሰው ጠላት ነው ትላለች።

ሐሙስ በእራት ላይ ቃሉ እንደተፈታ ነገራት። የተጎለተው ጌታውም ገበሬውም አይደለም፤ መብቱ ነው። ቲማቲም ሻጯም ብትሆን መሬት ባይኖራትም ቦታዋ የታወቀ ነው፣ ማንም አያስነሳትም። የክፍሉ ኃላፊም እስከ ሰኞ ደብዳቤ ካልመጣ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ይግባ ብላለች።

«እንግዲህ ከማክሰኞ ጀምሮ እዚሁ ነኝ» አላት። «ጠዋትም፣ ቀንም፣ ማታም።»

«እሰይ፣ የኔ ጌታ» አለችው። ወጥ እየጨመረችለት፣ «ለመሆኑ ያ አራሚ ዝም የሚልህ ይመስልሃል?»

«ደግሞ ምን ቀረው ብሎ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

ዓርብ ጠዋት የኮቱን ቁልፍ ቆለፈችለት፤ በር ድረስ ሸኝታውም መታጠፊያው ጋ እስኪሰወር ቆማ አየችው። ከዚያ የቁርሱን ዕቃ አነሳች፣ ጠረጴዛውን ወለወለች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ለተከበረው የመዝገበ ቃላት ክፍል» ብላ በግራ እጇ ጀመረች፤ «መብት ከተባለማ፣ ሰጪው ማን ነው?»